ያገለገለ የብስክሌት ዕቃ ወደ አገር ቤት ሲላክ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሐዋሳ ላሉ ብስክሌተኛ ልጆች ያገለገለ ዕቃ እየሰበሰብኩ እልካለሁ። እዚህ ሰው አዲስ ፍሬን ሲያስገጥም አሮጌውን ጋራዥ ጥግ ይወረውረዋል። እዚያ ያው ፍሬን አንድን ልጅ መንገድ ላይ ያቆየዋል። ለዚህ ነው ተሰብሮ የደረሰ ወይም መንገድ ላይ የቀረ ዕቃ የሚያንገበግበኝ። ብዙዎቻችን ጥፋቱን ላኪው ድርጅት ላይ እንጥላለን። እኔ እንዳየሁት ግን አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ዕቃውን ከማይስማማው ላኪ ጋር ስናገናኝ ነው።

ችግር፦ ክፍያው ከኪሎው ጋር አይገናኝም

ቤት ስትመዝኑት 6 ኪሎ ነበር። ቢሮ ስትደርሱ የ29 ኪሎ ተጠየቃችሁ።

ማንም አላጭበረበራችሁም። እንደ ዲኤችኤል ያሉ ፈጣን ላኪዎች ካርቶኑ የሚይዘውን ቦታም ያስከፍላሉ። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር ይባዛል፤ ውጤቱ ለ5000 ይካፈላል። ከዚህ ሒሳብና ከእውነተኛው ክብደት የበለጠው ነው የሚከፈለው። ቴላዮ (ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚገጠምበት የብስክሌቱ አካል) የያዘ ካርቶን 110 በ65 በ20 ቢሆን 28.6 ኪሎ ይሆናል። ውስጡ ያለው ብረት ግን 6 ኪሎም ላይሞላ ይችላል። የምትከፍሉት ለአየር ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ትንሽና ከባድ ዕቃ ለፈጣን ላኪ ይሆናል። ፔዳል፣ ካቴና፣ ፍሬን፣ የማርሽ መቀየሪያ 30 በ25 በ15 ካርቶን ውስጥ ቢጠቀጠቅ በቦታ ሒሳብ 2.25 ኪሎ ብቻ ነው። የሚቆጠረው እውነተኛው ክብደት ይሆናል፤ ምንም አልተበላችሁም።

ቸርኬ ሌላ ነው። ጎማው ወልቆ ሁለት ቸርኬ 65 በ65 በ20 ካርቶን ውስጥ ይገባል። በፈጣን ላኪ ወደ 17 ኪሎ ይቆጠራል። የሦስቱ ጎን ድምር ግን 150 ሴንቲሜትር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ለሚነሳ የኢኮኖሚ መንገደኛ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅዳል፤ የአንዱ ሻንጣ የጎን ድምር እስከ 158 ነው። ስለዚህ ቸርኬ በሰው እጅ ነው የሚላከው። አገር ቤት የሚሄድ ሰው አንድ ሻንጣ ቦታ ካለው በትህትና ለምኑት። ካርቶኑን ፊቱ ክፈቱ፣ እያንዳንዱን ዕቃ አሳዩት፣ ከዚያ አብራችሁ አሽጉ። የሰው ዕቃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሲጠየቅ በልበ ሙሉነት መመለስ አለበት። ይህን ሳታደርጉ ማንንም አታስቸግሩ።

ቴላዮ ከ158 ስለሚያልፍ ተጨማሪ ክፍያ አለው። እኔ ቴላዮ የምልከው በጣም ጥሩ ከሆነ ብቻ ነው።

ችግር፦ አዲስ አበባ ደርሶ ጉምሩክ ቆመ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጻፍነው ወረቀት ነው። “ስጦታ፣ ዋጋ የለውም” ብሎ መጻፍ የሚጠቅም ይመስላል። አይጠቅምም። ዋጋ ካልተጻፈ ገማቹ ራሱ ይገምታል። አሮጌ ዕቃ በደንብ ከታጠበ ደግሞ አዲስ ይመስላል።

ዝርዝሩን በግልጽ ጻፉ፦ “ያገለገለ የብስክሌት ፍሬን፣ 2 ጥንድ፣ የተገዛበት ዋጋ ይህን ያህል”። የገዛችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። የብስክሌት መለዋወጫ የጉምሩክ መለያ ቁጥር በ8714 ይጀምራል፤ ቅጹ ላይ ካለ ዕቃው ቶሎ ይለያል።

ሌላም ነገር አለ። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣውና የኢንሹራንሱ ወጪ ይደመርበታል። የ20 ዶላር ፔዳል በ150 ዶላር ብትልኩ ሒሳቡ የሚነሳው ከ170 ነው። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ውድ ላኪ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል ማለት ነው። ካልቸኮላችሁ ፖስታ ቤትንም ጠይቁ።

የተቀባዩ ስልክ መሥራቱንም አረጋግጡ። እኛ አገር አድራሻ ስልክ ነው። ተቀባዩ ስልክ ካላነሳ ዕቃው መጋዘን ይቀመጣል፤ የመጋዘን ኪራይም ይቆጥራል።

ችግር፦ ዕቃው ተጣሞ ደረሰ

ቴላዮና የፊት ሹካ የሚጣመሙት ቸርኬው የሚገባበት ክፍተት ባዶ ሲሆን ነው። ሌላ ጭነት ሲጫነው ሁለቱ ጫፎች ይጨመቃሉ። ከፊት 100 ሚሊሜትር፣ ከኋላ እንደ ብስክሌቱ ዓይነት 130 ወይም 135 ሚሊሜትር እንጨት ቆርጣችሁ አስገቡበት። ብስክሌት ቤቶች አዲስ ብስክሌት ሲፈቱ ለዚሁ የሚሆን ፕላስቲክ ይጥላሉ። ጠይቋቸው፣ ካርቶኑንም ይሰጧችኋል።

የማርሽ መቀየሪያውን ከቴላዮው ፍቱት። እንደተሰቀለ ከሄደ የተሰቀለበት ማንጠልጠያ ይጣመማል፤ ልጁ ሲገጥመው ማርሹ እየዘለለ ያሰቃየዋል። የዲስክ ፍሬን ከሆነ ዲስኩን ከቸርኬው አውልቃችሁ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል አድርጉት። የዘይት ፍሬን ከሆነ ሸራዎቹ መሐል ወፍራም ካርቶን ይግባ፤ መንገድ ላይ እጀታው ከተጨመቀ ፒስተኑ ይወጣል። ካቴናውን አጥባችሁ ለብቻው በፌስታል ቋጥሩት። ዘይቱ የፍሬን ሸራ ከነካ ሸራው ተበላሸ።

ችግር፦ ካርቶኑ ተመለሰ

ውስጡ ማስቲሽ፣ የጋዝ ቆርቆሮ ወይም ባትሪ ነበረ። ማስቲሽ ተቀጣጣይ ስለሆነ ተዉት፤ እዚያ ጎሚስታው ጋር አለ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ ሻንጣ ውስጥም አይገባም። መንገደኛ የሚፈቀድለት እስከ 160 ዋት ሰዓት ሲሆን፣ የእነዚህ ባትሪዎች አቅም በብዛት ከ400 በላይ ነው።

ችግር፦ አዲስ አበባ ደረሰ፣ ሐዋሳ ግን አልደረሰም

መንገዱ 275 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ዕቃው የሚሄደው በአውቶቡስ ነው። አንድ ጊዜ “ለረዳቱ ሰጥቼዋለሁ” ተብዬ የትኛው ረዳት እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ሁለት ጥንድ ፍሬን እንደወጣ ቀረ። ልጁ ሦስት ቀን መናኸሪያ ተመላልሷል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ያለውን ወንድሜን አራት ነገር እጠይቀዋለሁ፦ የአውቶቡሱን ታርጋ፣ የረዳቱን ስልክ፣ ደረሰኝ፣ የተዘጋውን ካርቶን ፎቶ። ስምና ስልክ በማርከር ሦስት ጎን ላይ ይጻፋል። የዕቃው ዝርዝር ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ከላይ ይቀመጣል። ልጁ እዚያው መናኸሪያው ላይ ከፍቶ፣ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ፣ የጎደለ ካለ ረዳቱ ሳይሄድ ይደውልልኛል።