በመድኃኒትና በኬሚካል ቁጥጥር ረቂቅ መመሪያ ላይ አስተያየት እንዴት ይቀርባል?

የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ሲያዘጋጁ ረቂቁን አስቀድመው ይፋ አድርገው የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይደነግጋል። ስለዚህ የትኛው መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንደሚሸጥ ወይም የትኛው ኬሚካል በፈቃድ ብቻ እንደሚገዛ የሚወስን ረቂቅ ሲወጣ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ መድኃኒት ቤት የከፈተ ባለሙያም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ ቆዳ የሚያለፋ ድርጅት ሐሳቡን የማቅረብ መብት አለው።

በቅድሚያ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ይለዩ። የሰው መድኃኒት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ድርሻ ሲሆን፣ ፀረ ተባይ ግን በአዋጅ ቁጥር 674/2002 የሚገዛና ከግብርናው ዘርፍ ጋር የተያያዘ ነው። ለማይመለከተው ቢሮ የተላከ ደብዳቤ ቀነ ገደቡን ያሳልፋል።

ቀጥሎ ረቂቁን በእጅዎ ይዘው አንቀጽ በአንቀጽ ያንብቡ። «ቁጥጥሩ ይጥበቅ» ወይም «ይላላ» የሚል ጥቅል አስተያየት ለአርቃቂው ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው አንቀጹን በቁጥር ጠቅሶ በሥራ ላይ ሲውል ማንን እንደሚነካ የሚያስረዳና ምትክ ቃላት የሚያቀርብ ጽሑፍ ነው። ሞርፊንን እንውሰድ። ያለ አግባብ እንዳይወጣ በልዩ ማዘዣ መያዙ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ረቂቁ ታማሚው ራሱ በየጥቂት ቀኑ እንዲቀርብ ቢያዝ፣ ከደላንታ ወይም ከወረኢሉ ደሴ ድረስ መመላለስ የማይችል የካንሰር ሕመምተኛ በሕመም ሲሠቃይ ይከርማል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ማዘዣው እንዲቀር ሳይሆን፣ መታወቂያው የተመዘገበ አስታማሚ እንዲወስድለትና የሚበቃው መጠን በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ሊነሣ የሚገባው ይህ ነው።

በኬሚካል ረገድም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና አሴቶን እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አደንዛዥ ዕፅ ለማምረት ሊውሉ ከሚችሉት ግብዓቶች መካከል ተዘርዝረዋል፤ ይሁንና በፋብሪካዎች ዘንድ የዕለት ተዕለት ግብዓት ናቸው። ስለዚህ በጅምላ የሚገዛ ድርጅት ፈቃድና የወጪ ገቢ መዝገብ እንዲኖረው መጠየቅ፣ ሽያጩን ከመከልከል ይሻላል። በሃይላንድ እየተቀዳ ለሚሸጥ በረኪና ደግሞ ልጆች ውኃ መስሏቸው እንዳይጠጡት የታሸገና ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ግዴታ እንዲሆን ሐሳብ ያቅርቡ።

የምክክር መድረክ ከተጠራ በቃል የተናገሩት በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ያረጋግጡ። የጽሑፍ አስተያየትዎን በማስታወቂያው ከተገለጸው የመጨረሻ ቀን በፊት መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያስቀሩ። መመሪያው ሲጸድቅ ያነሡት አንቀጽ ተሻሽሎ እንደሆነ ከቅጂዎ ጋር ያመሳክሩ፤ ካልተሻሻለም ምክንያቱን በደብዳቤ ይጠይቁ።