ዘይት የሚያንጠባጥብ አሮጌ ኮሮላ፦ ካምቢዮ ከማስወረድዎ በፊት

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ባለ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ኮሮላዎች ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ሥር ዘይት ሲጥሉ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «የኋላ ፓራዮሊ ሄዷል፣ ካምቢዮ ይውረድ።» አንዳንዴ እውነት ነው። ፓራዮሊው (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ራሱ ግን ርካሽ ነው፤ ውዱ እሱ ጋ ለመድረስ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ነው። እዚያው ቦታ የሚያንጠባጥብ፣ ካምቢዮ ሳይነካ ከላይ የሚፈታ ሌላ ጥፋተኛ ስላለ መጀመሪያ እሱን ማጣራት ይሻላል።

ዘይት ወደ ታች ይፈስሳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ብዙ አይናገርም። የሚፈለገው ከሁሉም በላይ ያለው እርጥብ ቦታ ነው።

ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚያዳልጥ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ድኝ ድኝ የሚሸት ወፍራም ከሆነ የማንዋል ካምቢዮ ዘይት መሆኑን ይጠርጥሩ።

ከዚያ እጠባ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህን ነው። በቆሸሸ ሞተር ላይ የሚደረግ ፍለጋ ግምት ብቻ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ) እና ዲናሞውን በፌስታል ሸፍነው በዲግሪዘርና በብሩሽ ያጥቡ። በቤንዚን አያጥቡ፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በደንብ ከደረቀ በኋላ በሚጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃን ፓውደር በስሱ ይነስንሱ። ሞተሩን 15 ደቂቃ ያስነሱና አጥፍተው በባትሪ ይፈልጉ። ነጩ ፓውደር ላይ ዘይቱ ጠቁሮ መንገዱን ያሳያል። ምንም ካልታየ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና ይዩ። ሥር መግባት ካስፈለገ መኪናው በካባሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም።

ማንኛውንም ጋስኬት ከመቀየርዎ በፊት የፒሲቪ ባልቮላን ይፈትሹ። ይህች ትንሽ ዕቃ በፒስተን ፋሻ በኩል ወደ ታች ያመለጠውን ጋዝ መልሳ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። ስትደፈን ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደከመው ጋስኬት በኩል ይገፋዋል። አውጥተው ሲነቀንቋት ካልተንኳኳች ይቀይሯት። ከሞተሩ በኩል ሲነፉባት አየር በቀላሉ ማሳለፍ፣ ከማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ ከሚገባበት ቱቦ) በኩል ሲነፉባት ግን በጭንቅ ብቻ ማሳለፍ አለባት። ቱቦዋንም ይዩ፤ በጭቃማ ዘይት የተዘጋ ቱቦ አዲሷንም ከንቱ ያደርጋታል። ይህን ሳያዩ ፓራዮሊ የሚቀይር ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ያንኑ ሥራ ይደግመዋል።

አሁን ከላይ ወደ ታች እንውረድ። የባልቮላ ክዳን ጋስኬት በሙቀት ብዛት እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። ከፊት ሲያፈስ ኤግዞስቱ ላይ ወርዶ ይቃጠላል፣ ሽታውም ወደ ውስጥ ይገባል። የካንዴላ ጉድጓዶች ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ ደግሞ የጉድጓዶቹ ማኅተም ጎማዎች ደክመዋል፤ ከጋስኬቱ ጋር አብረው ይቀየሩ። አሮጌውን ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሱ፤ ስክሩድራይቨር አሉሚኒየሙን ይጭረዋል። አዲሱ የጎማ ጋስኬት ደረቅ ሆኖ ይገባል፤ ሲሊኮን የሚያስፈልገው የካም (ባልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ተሸካሚዎች ክዳኖች ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛ ራስ) ጋር በሚገጥሙባቸው ማዕዘኖች ብቻ ነው፣ እሱም በትንሹ። ዙሪያውን ሲሊኮን መቀባት ጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን የተረፈው ወደ ውስጥ ተቆርሶ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት ማጥለያ ይዘጋል፤ ያኔ የሚጠፋው ሞተሩ ነው። ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በ6 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ይህም በጣት ከጠበቀ በኋላ በአጭር ቁልፍ ትንሽ ጨመር ማድረግ ማለት ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ክዳኑ ይጣመምና ፍሳሹ ይብሳል።

ያ መጀመሪያ ላይ የተባለው ጥፋተኛ የዲስትሪቢውተሩ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማኅተም) ነው። ዲስትሪቢውተሩ በቴስታታው ጫፍ፣ ልክ ከካምቢዮው በላይ ነው የተቀመጠው። ከኦሪንጉ የሚወጣው ዘይት በቴስታታው ጀርባ ወርዶ ካምቢዮው ላይ ያርፍና የኋላ ፓራዮሊ መስሎ ይታያል። ከሥሩ በጣትዎ ዳብሰው እርጥብ ከሆነ ፍለጋው እዚህ ያበቃል። ከመፍታትዎ በፊት አካሉና ቴስታታው ላይ በመርፌ ወይም በቀለም ምልክት ያድርጉ፣ ውስጥ ያለው ሮተር የዞረበትንም ፎቶ ያንሱ፤ ወጥቶ ሳለ ሞተሩን አያዙሩ። አዲሱን ኦሪንግ በንጹሕ ዘይት አርሰው ያስገቡና ወደ ምልክቱ ይመልሱ። ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ሲለካ ቲኢ1 እና ኢ1 (የመመርመሪያ ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳዎች) በሽቦ ተገናኝተው በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) 10 ዲግሪ መሆን አለበት። ዘይቱ የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ውስጥ ከተገኘ ግን የተበላሸው የዘንጉ የውስጥ ፓራዮሊ ነው፤ ኦሪንግ አይፈታውም።

የዘይት ግፊት ስዊች ከሽቦው መግቢያ ዘይት ካወጣ ይቀየራል እንጂ አይለጠፍም። አዲስ ፊልትሮ ከተገጠመ በኋላ የጀመረ ፍሳሽ ከሆነ የአሮጌው ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ እንደሆነ ይዩ። የኮፓው መፍሰሻ ብሎን ወደ 37 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ዋሸሩም በየጊዜው ይቀየራል።

ከሞተሩ ጎን፣ ከታይሚንግ ቀበቶው ሽፋን ሥር የሚወጣ ዘይት የካም ወይም የኮሎ (በፒስተኖቹ የሚዞረው ዋና ዘንግ) የፊት ፓራዮሊ ነው። ይህ አይቆይም፤ ዘይት የነካው ቀበቶ ይበላሻልና ፓራዮሊዎቹ ከአዲስ ቀበቶ ጋር አብረው ይሠሩ።

እነዚህ ሁሉ ደርቀው ተገኝተው የፍላይዊል ቤቱ (ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ክፍል) ብቻ እርጥብ ከሆነ ያኔ ካምቢዮው ይውረድ። አሮጌው ፓራዮሊ ኮሎው ላይ ጎድጎድ ያለ መስመር ቆርጦ ከሆነ አዲሱን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከዚያ መስመር ውጪ ያስቀምጡት፤ ያለዚያ ከንፈሩ ያንኑ ጎድጎድ ይይዝና ያፈስሳል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ ታጥቦ አይድንም፣ አብሮ ይቀየራል።