ከሥነ ፈለክ ክበብ ጋር በወሎ ሰማይ ሥር ሲያመሹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ገና ከቤት ሳይወጡ ይሠራል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከፀሐይ የተነሣ ኃይለኛ ማዕበል የምድርን ማግኔታዊ መስክ ባናወጠበት ሌሊት፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰማይ ቀይና አረንጓዴ ለብሶ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በየስልኩ ተዳርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «ጦሳ ተራራ ላይ ብንወጣ እኛም እናየው ይሆን?» የሚሉ አዳዲስ አባላት አይጠፉም። አይታይም። የሰሜን ብርሃን፣ በሌላ ስሙ ኦሮራ፣ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚመጡ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በምድር ማግኔታዊ መስክ እየተመሩ በዋልታዎች አካባቢ ካለው የላይኛው አየር ጋር ሲጋጩ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከሁለቱ ማግኔታዊ ዋልታዎች መካከል ያለው ማግኔታዊው ወገብ ደግሞ ኢትዮጵያን ራሷን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ወሎ ኦሮራን ለማየት ፈጽሞ ከማይመቹ ስፍራዎች አንዱ ነው። ከሰሜን በኩል የሚቀላ ነገር ቢታይ በደመና ላይ ያረፈ የከተማ መብራት ወይም የተለኮሰ ሣር ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት የራስን ሰማይ ሀብት አለማወቅ ነው። ብዙ ሰው የሰሜን ኮከብን ከሁሉ የደመቀ አድርጎ ስለሚገምት አናቱ ላይ ይፈልገዋል፤ ነገር ግን በድምቀት ከ40 በላይ ኮከቦች ይበልጡታል፣ በደሴም ክንድ ዘርግቶ ከተደገነ ቡጢ ብዙም ከፍ ሳይል ከአድማሱ አጠገብ ይቀመጣል። ስለዚህ በስተሰሜን ገደል ወይም ኮረብታ የሚጋርደው ሜዳ አይመረጥም። በደቡብ በኩል ደግሞ ሁለት ቡጢ ያህል ከፍ ብሎ የደቡብ መስቀል የሚባለው ኅብረ ከዋክብት ይወጣል፤ የሰሜን አውሮፓ ሰው አገሩ ሆኖ አያየውም። በከተራ ታቦት አጅቦ ውኃ ዳር የሚያድር ሰው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢመልስ መስቀሉን፣ ዞር ቢል የሰሜን ኮከብን በአንድ ሌሊት ያገኛቸዋል። ለእኔ ይህ ከኦሮራ አያንስም።

ቀን ሲቆርጡ ጨረቃን መርሳትም የተለመደ ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ከጨረቃ ጋር አይሄድም፤ «ወር በገባ በ15» ተብሎ የተቀጠረ ምሽት ሙሉ ጨረቃ ሊወጣበት ይችላል። ወሎ ውስጥ መፍትሔው ቅርብ ነው፦ ሙስሊም ጎረቤትን የሒጅራው ወር ስንት እንደገባ መጠየቅ ነው። ከ24ኛው ቀን በኋላ እስከ አዲሱ ወር 3ኛ ቀን ያሉት ምሽቶች ጨለማ ናቸው፤ ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው ነጣ ያለ የከዋክብት ጎዳናም ደምቆ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ተወርዋሪ ከዋክብት ለማየት ደግሞ ከሚበዙባቸው ሌሊቶች ነሐሴ 6ን መምረጥ ከክረምቱ ደመና ጋር መታገል ስለሆነ፣ ታኅሣሥ 4 ሌሊት ይሻላል። ከየካቲት በኋላ የበልግ ደመና እንዳለም አይዘንጉ።

ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ስልኩን ቢያበራ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። መብራት ካስፈለገ በቀይ ፌስታል ደራርቦ መሸፈን ይበቃል።

በቴሌስኮፕ የሚያይ ሰውም ፎቶግራፍ ላይ ያየውን ቀለም ባለማግኘቱ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ጁፒተርን አራት ነጥቦች፣ ማለትም ጨረቃዎቹ፣ ከጎኑ ተሰልፈው ማየት፣ የሳተርንንም ቀለበት መለየት ጊዜ ይጠይቃል። መስታወቱ ላይ ጤዛ ቢያርፍ በነጠላ ጫፍ መጥረግ ይጭረዋልና፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

የመጨረሻው፣ እኔ ከሁሉ የምከፋበት፣ ሳይናገሩ መውጣት ነው። በሌሊት ኮረብታ ላይ የሚንቀሳቀስ መብራት ሰውን ያሠጋል፤ ቀበሌውንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ቀደም ብሎ ማስፈቀድ፣ የመንደሩንም ልጆች ለማየት መጋበዝ ያስፈልጋል። ጋቢም ይያዝ፤ የደጋው ብርድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይቻልም።