ለአውሮፓ የቡድን ጉብኝት ሻንጣ እንዴት ይዘጋጃል?

ለብቻ አውሮፓ መሄድና ከአስጎብኚ ጋር በአውቶቡስ መዞር ለየቅል ናቸው። በቡድን ሲኬድ ዛሬ ሮም፣ ከነገ ወዲያ ፍሎረንስ፣ ከዚያ ቬኒስ፣ ስዊዘርላንድ፣ ፓሪስ ነው። ሻንጣው በየሁለት ቀኑ ይፈታል፣ ይታሰራል። ጠዋት አንድ ተኩል ላይ አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ፣ እናንተ ዚፕ ስትታገሉ ሌላው ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ብዙ መያዝ የሚያስቆጨው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን አንብቡ

ልብስ ከማውጣታችሁ በፊት የጉዞ ፕሮግራሙን ያዙና በየቀኑ አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉ። አንዱ የከተማው የአየር ትንበያ፣ ሌላው የዚያን ቀን የምትገቡበት ቦታ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ይሄ በተለይ ይጠቅማል። ሐምሌ ላይ ውጭ ዶፍ እየወረደ ሻንጣ ሲዘጋጅ እጅ ሳይታወቅ ወደ ሹራብና ወፍራም ጃኬት ይሄዳል። በዚያው ሰሞን ሮም 35 ዲግሪ ስትገባ አይደንቅም። ሁሉንም ስስ ማድረግም አያዋጣም። ፕሮግራሙ ላይ በስዊዘርላንድ ተራሮች አናት ያለው የዩንግፍራውዮኽ ባቡር ጣቢያ ካለ፣ ባቡሩ የሚያወርዳችሁ 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ሐምሌም በረዶ ነው። መፍትሔው ካፖርት መሸከም አይደለም። ቲሸርት፣ ስስ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ከተደራረበ ይበቃል።

ሻንጣው

አብዛኞቹ አስጎብኚዎች ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣና አንድ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ነው የሚፈቅዱት። መካከለኛ፣ ቀላልና ጎማው ጠንካራ የሆነ ይሁን። የሮም አሮጌ መንገዶች በጥቁር ትንንሽ ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው፤ ደካማ ጎማ እዚያ ይቀራል። ቬኒስ ውስጥ ደግሞ መኪና የሚባል ነገር የለም። ድልድዮቹ አብዛኞቹ ባለ ደረጃ ናቸው፣ ሻንጣችሁን የምታነሱትም እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ሞልታችሁ ከዘጋችሁ በኋላ ቤታችሁ ባለው ደረጃ ይዛችሁት ውጡ። መሃል ላይ ካረፋችሁ ከፍታችሁ ቀንሱ።

ጫማ

ሁለት ይበቃል። አንዱ ለእግር ጉዞ፣ ሌላው ለእራት የሚሆን ግን ያው የሚያራምድ። ሙዚየሙና አደባባዩ ሲደመር በቀን 10 ኪሎ ሜትር መርገጥ ብርቅ አይደለም። ለጉዞው ብላችሁ አዲስ ከገዛችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሰፈር ውስጥ አድርጋችሁ አላምዱት። ሂል ግን ቤት ይቅር፤ በድንጋዮቹ መሃል ተሰንቅሮ ይቀራል።

ልብስ

ለአስር ቀን አስር ቅያሪ መያዝ አያስፈልግም። አምስት ከላይ፣ ሦስት ከታች፣ እርስ በርሱ የሚሄድ ቀለም። ቀሪውን እጥበት ይሸፍነዋል። ሁለት ሌሊት በምታድሩበት ሆቴል ሸሚዙን በመታጠቢያው ሳህን እጠቡና ጨምቁት። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉትና በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉት። ፎጣው ውሃውን ይመጠዋል። ሰቅላችሁት ካደራችሁ ስስ ጥጥም ሆነ ፖሊስተር ጠዋት ይለበሳል። ወፍራም ጂንስ ግን በአንድ ሌሊት አይደርቅም፣ ከአንድ በላይ አትያዙ።

ቤተ ክርስቲያን የምትገቡበትን ቀን ለይታችሁ እወቁ። ቫቲካን ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም፤ ወንድም በቁምጣ ከሄደ በር ላይ ይመለሳል። የቬኒሱ ቅዱስ ማርቆስና የፍሎረንሱ ካቴድራልም እንደዚያው ናቸው። ሴት ፀጉሯን የመሸፈን ግዴታ የለባትም፣ ወንድ ግን ኮፍያውን ያወልቃል። እዚህ ላይ እኛ ታድለናል፤ ነጠላ አለን። ክብደት የለውም፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ላይ ጣል ይደረጋል፣ የአውቶቡሱ ኤሲ ሲበዛም ይለበሳል። ነጩ ቶሎ ስለሚቆሽሽ ባለ ቀለሙን ብትይዙ ይሻላል።

ወርቁን እቤት ተዉት። የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ተርሚኒና የፓሪስ ሜትሮ ላይ ኪስ አውላቂዎች ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው።

የቀኑ ቦርሳ

ሻንጣው ቀኑን ሙሉ አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ነው። የምትኖሩት በትንሿ ቦርሳ ነው። ዚፕ ያላት፣ ከፊት የምትንጠለጠል ትሁን። ግዙፍ አይሁን፤ ሉቭር ሙዚየም ከ55 በ35 በ20 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ቦርሳ አያስገባም። በውስጧ የፓስፖርት ኮፒ፣ መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከነማዘዣው፣ ስስ የዝናብ ልብስና ባዶ የውሃ ጠርሙስ ይኑር። ሮም መንገድ ዳር ያሉት ቧንቧዎች ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውሃ በነፃ ይሰጣሉ።

ዝርዝር ሳንቲምም ያዙ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የአውቶቡስ ሾፌር ከአራት ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ ያርፋል። የሚቆምበት ቦታ አንዳንድ ጊዜ ሽንት ቤቱ በክፍያ ነው። ስዊዘርላንድ ስትገቡ ደግሞ ገንዘቡ ፍራንክ መሆኑን አትርሱ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው የጆሮ ማዳመጫ ነው። አስጎብኚው በማይክ ያወራል፣ እናንተ አንገት ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ትሰማላችሁ። አብሮት የሚሰጠው ማዳመጫ ከሰዓታት በኋላ ጆሮ ያማል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተለመደውን ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይቀበላሉ፣ ስለዚህ የራሳችሁን ያዙ።

ቻርጀር

ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ቮልቴጁ ችግር የለውም። ባለ ሁለት ክብ እግር ቀጭኑ ሶኬት ጣሊያንም ፈረንሳይም ስዊዘርላንድም ይሠራል፤ ወፍራሙ ክብ ግን ስዊዘርላንድ አይገባም። ፕሮግራሙ ላይ ለንደን ካለ፣ ወይም የምትነሱት ከዱባይ ከሆነ አዳፕተር ግድ ነው። ከአሜሪካ የምትመጡ የፀጉር ማድረቂያና መተኮሻችሁን ጀርባ እዩ። "100-240" ካላለ ይቃጠላል፣ ተዉት።

ስንቅ

ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ አትያዙ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል። ቆሎና በሶ ይዛችሁ ግቡ። ጉዞው ፍልሰታ ላይ ከዋለ የምትጾሙ ሰዎች ስትመዘገቡ "ቪጋን" (ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና የወተት ውጤት የማይበላ) ብላችሁ አስመዝግቡ። እዚያ ደርሶ "ጾም ነኝ" ቢሉት አስተናጋጁ ዓሣ ይዞ ይመጣል።

ለመልስ ጉዞ የምትታጠፍ ስስ ቦርሳ ሻንጣው ግርጌ አስቀምጡ። የወይራ ዘይቱና ሽቶው ከ100 ሚሊ ሊትር ካለፈ በብዙ አየር ማረፊያዎች ወደ ሻንጣ ነው የሚገባው። የግብር ተመላሽ (ለቱሪስት የሚመለሰውን የተጨማሪ እሴት ታክስ) የምትጠይቁበትን ዕቃ ግን ከደረሰኙ ጋር ለብቻው ያዙት፤ ሻንጣችሁን ለአየር መንገዱ ከማስረከባችሁ በፊት ጉምሩክ "አሳዩን" ሊላችሁ ይችላል።