የስኪ ጫማን በአውሮፕላን ይዞ መጓዝ፦ አደራረቁ፣ አስተሻሸጉና አያያዙ

በጥርና በየካቲት ቅዳሜ ጠዋት ከለንደን ወደ ጄኔቭ የሚበሩ አውሮፕላኖች በበረዶ ላይ ስኪ ለመንሸራተት ወደ አልፕስ ተራሮች በሚሄዱ ተጓዦች ይሞላሉ። አብዛኛው ተጓዥ ጓዙን ሲያሰናዳ አስቀድሞ የሚያሳስበው የረጅሞቹ ስኪዎች ነገር ነው። እኔ ግን ከብዙ ጉዞ በኋላ የተረዳሁት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጫማው መሆኑን ነው። ስኪውን፣ ዘንጎቹንና ሄልሜቱን ሻሞኒም ሆነ ሞርዚን እንደደረሱ ከኪራይ ሱቅ በአጭር ጊዜ ማግኘት ይቻላል፤ ጫማው ግን ከእግርዎ ጋር የተላመደ፣ ብዙ ጊዜም ባለሙያ በእግርዎ ቅርጽ ያስተካከለው ስለሆነ ከመደርደሪያ ተነሥቶ የሚሰጥ ምትክ የለውም። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ጫማው ከእጅዎ ሳይለይ በአውሮፕላኑ ውስጥ አብሮዎት ይጓዝ የሚል ነው። ከዚህ በታች የምገልጸው ይህ እንዴት እንደሚደረግ፣ ካልተቻለም ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንዴት በደኅና እንደሚላክ ነው።

ለቁልቁለት ስኪ የሚሠራ ጫማ ሁለት ክፍል አለው። ውጩ እንደ ቅርፊት የሚሸፍነው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ ደግሞ በፎም የተሞላ፣ ተጎትቶ መውጣት የሚችል ለስላሳ ገበር ነው። ቅርፊቱን አብዛኛውን ጊዜ አራት ዘለበቶች ያጠብቁታል፤ ከዘለበቶቹ በላይ አንገቱን የሚዞር ሰፊ ማሰሪያ አለ። የአዋቂ ሰው አንድ ጥንድ እንደ ቁጥሩና እንደ አሠራሩ ከ3.5 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጉዞ ላይ ጉዳት የሚደርስበትም በሦስት ቦታ ነው፤ ወደ ውጭ የወጡት ዘለበቶች ይሰበራሉ፣ አንገቱ ከባድ ነገር ሲጫነው ቅርጹን ይለቃል፣ ገበሩ ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቀራል። እዚህ ላይ የምናገረው ስለ ቁልቁለት ስኪ ጫማ ብቻ መሆኑን መግለጽ ይገባኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለበት የሜዳ ስኪ ሌላ ዓይነት ጫማ ነው ያለው፤ ያ ጫማ ቀላልና ለስላሳ በመሆኑ እንደ ማንኛውም የስፖርት ጫማ በሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ጫማውን በእጅ መያዝ ለምን እንደሚበጅ ያስተማረኝ አንድ ጉዞ ነው። የዚያን ጊዜ ጫማዬን ከልብሴ ጋር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጌ ነበር፤ ሻንጣው ግን እኔ ከደረስኩ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የመጣው። ጃኬትና ጓንት ከጓደኞቼ ተዋስኩ፤ ጫማ ግን መከራየት ነበረብኝ። የኪራይ ጫማ ብዙ ዓይነት እግር እንዲያስገባ ሰፋ ተደርጎ የሚሠራ ነው፤ ገበሩም በብዙ ሰው እግር የተዳመጠ ነበር። ተረከዜ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘለበቱን አጠብቃለሁ፤ ባጠበቅሁ ቁጥር የጫማው አንገት አገዳዬን ይፈገፍገዋል። እኩለ ቀን ላይ ካልሲዬን ዝቅ አድርጌ ስመለከት ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አራት ጣት ያህል ቆዳዬ ቀልቶ ተልጦ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ የራሴ ጫማ ደርሶ ባደርገውም ቁስሉ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን ለዕቃ ጫኝ አስረክቤ አላውቅም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ነው። ጫማው ከመታሸጉ በፊት ፈጽሞ ደረቅ መሆን አለበት፤ በተለይ ካለፈው ዓመት ወዲህ ከቦርሳው ያልወጣ ከሆነ ገበሩን አውጥተው ያሽትቱት፣ በእጅዎም ይዳብሱት። ጣት በሚያርፍበት ጫፍ ላይ ቅዝቃዜ ከተሰማዎት እርጥበት አለ ማለት ነው። በውስጡ ያለውን ሶልም አንሥተው ከሥሩ ይመልከቱ፤ ውኃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ጫማው ንጹሕና ደረቅ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ገበሩን ወደ ቅርፊቱ ይመልሱት። ገበሩን ለብቻ፣ ቅርፊቱን ለብቻ አድርገው የሚያሽጉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ገበሩ በሌሎች ዕቃዎች ሥር ሲጨፈለቅ ለእግርዎ የተቀረጸው ፎም ሊበላሽ ይችላል።

በዚሁ ጊዜ አንድ ነገር በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። በጫማው ተረከዝ ጎን፣ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ በሚሊ ሜትር የሚነበብ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 305 ሊል ይችላል። ይህ የሶሉ ርዝመት ነው እንጂ በሴንቲ ሜትር የሚለካው፣ 26.5 ወይም 27.5 እየተባለ የሚጠራው የእግር ቁጥር አይደለም። ስኪ የሚያከራየው ባለሙያ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ የሚያስተካክለው በዚህ ቁጥር፣ በክብደትዎ፣ በቁመትዎ፣ በዕድሜዎና በችሎታዎ ነው። የሶሉ ዓይነትም ወሳኝ ነው፤ ለእግር ጉዞ እንዲመች ጠርዙ የተጠጋጋውና ግሪፕዎክ የሚባለው ሶል ሁሉም ማያያዣ አይቀበለውም። ስኪ በኢንተርኔት አስቀድመው የሚከራዩ ከሆነ ይህንን ጭምር ይግለጹ።

አሁን ወደ ማሸጉ እንምጣ። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ጫማ ውስጥ በካልሲ፣ በጓንት፣ በስስ ሹራብና በመሳሰሉት ለስላሳ ልብሶች ይሙሉት። ይህ ቦታ ይቆጥባል፤ ከሁሉ በላይ ግን አንገቱ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ይደግፈዋል። የመነጽርዎን መስታወት ግን በጫማው ውስጥ አያስገቡ፤ ገበሩ ለስላሳ ቢሆንም ቅርፊቱ ሲጫን መስታወቱን ሊጭረው ይችላል። ከዚያ በኋላ አራቱንም ዘለበቶች በመጨረሻው፣ ማለትም እጅግ በላላው ጥርስ ላይ ይዝጉ። አጥብቀው አይዝጉ፤ ክፍትም አይተዉ። ክፍት የቀረ ዘለበት የቦርሳው ጨርቅ ይይዘዋል፣ ሌላ ዕቃ ይገፋዋል፣ በመጨረሻም ከመሠረቱ ይገነጠላል። አንድ ጊዜ ከላይ ሁለተኛውን ዘለበት ሳልዘጋ አሽጌ፣ ቦርሳውን ስከፍተው የአሉሚኒየሙ ምላስ ወደ ጎን ተጣሞ አገኘሁት፤ በመዶሻ አቃንቼው ሳምንቱን ባሳልፍም እንደ ቀድሞው አጥብቆ አልያዘልኝም። ሰፊውን ማሰሪያም ዞር አድርገው ጫፉን በራሱ ላይ ይለጥፉት።

ጫማዎቹን በቦርሳው ውስጥ ሲያስገቡ የአንዱን አፍንጫ በሌላው ተረከዝ ትይዩ አድርገው ያጋድሟቸው፤ ሶሎቻቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ቦርሳው ግድግዳ ይመልከቱ። በዚህ አኳኋን ዘለበቶቹ እርስ በርስ አይፋጩም። በሁለቱ መካከል ቀጭን ፎጣ ወይም የሙቀት ልብስ ቢያስገቡ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጫማዎቹ ከሜዳ የተረፈ ጭቃ ወይም ጠጠር እንዳይዙ ሶላቸውን በብሩሽ ማጽዳት አይርሱ። ይህ ለልብስዎ ንጽሕና ብቻ የሚበጅ አይደለም፤ ወደ ኒውዚላንድ ለሚሄድ ሰው በድንበር ፍተሻ ላይ በሶሉ ላይ የተጣበቀ አፈር ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የጀርባ ቦርሳ በስኪ ሱቆች ይገኛል፤ ሁለት የጫማ ኪስ በግራና በቀኝ፣ የሄልሜት ቦታ ደግሞ በመካከል ይኖረዋል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ጫማው ከገባበት በኋላ ያለውን መጠን በሜትር ይለኩ፤ ብዙዎቹ ቦርሳዎች ሲሞሉ የአየር መንገዶችን መለኪያ ያልፋሉ። ይህ ጽሑፍ በሚዘጋጅበት ጊዜ ብሪቲሽ ኤርዌይስ 56 በ45 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነና እስከ 23 ኪሎ የሚመዝን የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ በዚህ ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ ከቀላል ልብስ ጋር ያለ ችግር ይገባል። ኢዚጄት በነጻ የሚፈቅደው 45 በ36 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነውን፣ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ቦርሳ ብቻ ነው፤ የአዋቂ ሰው ጥንድ ጫማ በዚህ ልክ መግባቱ አጠራጣሪ ስለሆነ ለትልቁ የእጅ ሻንጣ አስቀድሞ መክፈል ይሻላል። ሉፍታንዛ በእጅ ሻንጣ ላይ የ8 ኪሎ ገደብ አለው፤ ጫማው ብቻውን ከግማሽ በላይ ሊወስድብዎት ስለሚችል ቀሪውን ክብደት ቤትዎ ባለው ሚዛን ላይ በጥንቃቄ ያሰሉ። ሕጉ ስለሚለዋወጥ ትኬት በቆረጡ ቀን እንዲሁም ከበረራው አንድ ሳምንት በፊት የአየር መንገዱን ገጽ ይመልከቱ።

በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ዴንቨር ወይም ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ለሚበሩ ወገኖች ሁኔታው ትንሽ ይለያል። ዴልታ፣ አሜሪካንና ዩናይትድ አንድ የስኪ ቦርሳንና አንድ የጫማ ቦርሳን በአንድነት እንደ አንድ የሚጫን ሻንጣ ይቆጥሯቸዋል፤ የሁለቱ ድምር ክብደት ግን ከ23 ኪሎ ማለፍ የለበትም። በጫማው ቦርሳ ውስጥ ሌላ ልብስ ከተገኘ ለብቻው ሊያስከፍሉ የሚችሉ ስላሉ ቦርሳው የጫማና የስኪ ዕቃ ብቻ ይሁን። ክፍያ የማይጨምር ቢሆንም እኔ እዚያም ብሆን ጫማውን በእጄ ከመያዝ ወደ ኋላ አልልም።

አንዳንድ ሰዎች ክብደት ለመቀነስ ጫማውን አድርገው ወደ አየር ማረፊያ መሄድን ይመክራሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የሶሉ ጠርዝ በአስፋልትና በወለል ላይ ሲሄዱበት ይበላል፤ ማያያዣው በአደጋ ጊዜ እግርን በትክክል መልቀቁ ደግሞ በጠርዙ ቅርጽ ላይ የተመሠረተ ነው። በፍተሻው ላይም ማውለቅ ስለማይቀርልዎት ወረፋው እርስዎን ይጠብቃል። ጫማው በእጅ ሻንጣ ሲፈተሽ ዘለበቶቹ በማሽኑ ላይ ጎልተው ይታያሉና ቦርሳውን ክፈቱ ቢባሉ አይደንገጡ፤ ጫማዎቹ ከላይ ቢሆኑ ሥራው በቶሎ ያልቃል። ስኪውና ዘንጎቹ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ስለማይገቡ በሚጫነው ሻንጣ ይሂዱ፤ ለጫማው መጠገኛ የሚሆን መፍቻና ትርፍ ዘለበት ካለዎትም ከእነርሱ ጋር ያድርጉት። የሚሞቅ ጫማ ወይም ካልሲ ያለው ሰው ግን በተቃራኒው የሊቲየም ባትሪዎቹን ነቅሎ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኖ፣ በእጁ መያዝ አለበት፤ የተነቀለ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

በእጅ መያዝ የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ሁለት ልጆች ይዞ የሚበር ወላጅ ሦስት ጥንድ ጫማ ተሸክሞ ሊሳፈር አይችልም። በዚህ ጊዜ ጫማዎቹን በጠንካራ ሻንጣ መካከል፣ በአራቱም በኩል በልብስ ከብበው ያስቀምጧቸው፤ በሻንጣው ጥግ ላይ አይሁኑ፤ ሻንጣ ሲጣል የሚያርፈው በጥጉ ነውና። የቻሉትን ያህል የእያንዳንዱን ሰው ጫማ በተለያየ ሻንጣ ያከፋፍሉ፤ አንድ ሻንጣ ቢዘገይ ቤተሰቡ ሁሉ ባዶ እግሩን እንዳይቀር። ከማሸግዎ በፊት ጫማዎቹን ከነዘለበቶቻቸው ፎቶ ያንሱ፤ ሻንጣው ያለበትን የሚያሳይ አነስተኛ መከታተያም ያስገቡበት።

ሻንጣው ካልመጣ ወይም ጫማው ተሰብሮ ከተገኘ ከአዳራሹ ሳይወጡ የአየር መንገዱን የሻንጣ ጠረጴዛ አግኝተው ሪፖርት ያስሞሉ፤ የሪፖርቱንም ቁጥር ይያዙ። የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት የሚወስነው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት በሚገዛው በረራ የተጎዳ ሻንጣን በተመለከተ አቤቱታ በጽሑፍ የሚቀርበው በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ለመጣ ሻንጣ ደግሞ ከተረከቡበት ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ነው። የአየር መንገዱ ተጠያቂነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ወዲህ ለአንድ ተሳፋሪ እስከ 1,519 ኤስዲአር ይደርሳል፤ ኤስዲአር ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ነው። በመካከሉ ጫማ ከተከራዩ ደረሰኙን አይጣሉ፤ ለአቤቱታው ዋና ማስረጃ እርሱ ነው።

መመለሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ ጫማው ግን ከሁሉ የበለጠ የሚበላሸው በዚያ ጊዜ ነው። የመጨረሻውን ቀን እስከ ማታ የሚንሸራተቱ ከሆነ፣ ማረፊያዎ እንደገቡ ገበሩን አውጥተው ከውስጡ ጋዜጣ ይጎስጉሱበት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እርጥቡን ጋዜጣ በደረቅ ይለውጡ፤ ከመተኛትዎ በፊትም እንደገና ይለውጡት። በማሞቂያ ብረት ላይ ወይም በእሳት አጠገብ ፈጽሞ አያስቀምጡት፤ ፎሙም ፕላስቲኩም በሙቀት ቅርጹን ይለቃል። ጠዋት ገበሩን ለመመለስ ቅርፊቱ ቀዝቅዞ ከደነደነ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ይቆይ፤ በግድ ከፈለቀቁት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ባይደርቅም ለጉዞው ሰዓታት በፌስታል አይጠቅልሉት፤ አየር በሚያስገባ ጨርቅ ያድርጉት። ቤት እንደገቡም፣ ምንም ቢደክምዎ፣ ቦርሳውን በዚያው ሌሊት ከፍተው ገበሩን አውጥተው ያስጡ፤ በማግስቱ መልሰው ዘለበቶቹን በላላው ጥርስ ዘግተው ከፀሐይ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።