ለወንጀል ችሎት የጁሪ መመሪያ በሶፍትዌር እንዴት ይዘጋጃል?

አገር ቤት ማስረጃ የሚመዝነውም፣ ጥፋተኛ ነህ ወይም አይደለህም የሚለውም ዳኛው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከባድ ወንጀል ጁሪ ፊት ሲቀርብ ይህን የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ 12 ተራ ሰዎች ናቸው። አስተማሪ፣ ሾፌር፣ ነርስ ሊሆኑ ይችላሉ። ዜግነት ያገኘ ወገናችንም ከመካከላቸው ሊቀመጥ ይችላል። ሕግ ስላልተማሩ ዳኛው ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ሕግ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ያነብላቸዋል። የጁሪ መመሪያ የሚባለው ይህ ጽሑፍ ነው። ረቂቁን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ዓቃቤ ሕጉና ተከላካይ ጠበቃው ናቸው። እኔ የካሊፎርኒያውን አሠራር ነው የማሳያችሁ። ጠበቃ ቢሮ ለምትሠሩ ወይም ፓራሊጋል ለምትማሩ በቀጥታ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ምንጭ ያዙ። ካሊፎርኒያ ከ2006 መግቢያ ጀምሮ ካልክሪም (CALCRIM) የሚባል ይፋዊ የወንጀል መመሪያዎች ስብስብ አላት። ሕጉን ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ለማስቀመጥ ታስቦ የተጻፈ ነው። ከፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ በነጻ ይወርዳል። በየጊዜው ስለሚሻሻል ኮምፒውተራችሁ ላይ የቀረውን የድሮ ፋይል አትመኑት። አዲሱን አውርዱና የእትሙን ዓመት ፋይሉ ስም ላይ ጻፉ።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩን ሳትነኩ ክሱን አንብቡና ዝርዝር አውጡ። አንድ ሰው ካፌ ውስጥ ከጠረጴዛ ላይ የሌላ ሰው ላፕቶፕ ወስዷል ተብሎ በስርቆት ተከሰሰ እንበል። እሱ ደግሞ «የራሴ መስሎኝ ነው ያነሳሁት» ይላል። ከካልክሪም መመሪያዎች ቁጥር 1800 ስርቆት ምን ምን ሲሟላ ስርቆት እንደሚባል ይዘረዝራል። ቁጥር 220 ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል። «የራሴ መስሎኝ» ለሚለው መከላከያ ደግሞ ቁጥር 3406 አለ። ሌሎችም ይጨመራሉ፤ አመራረጡ ግን ይኸው ነው።

አሁን ሶፍትዌሩን ክፈቱ። በማይክሮሶፍት ወርድ የራሳችሁን ቴምፕሌት (ዝግጁ ቅጽ) መሥራት ትችላላችሁ። ሰነድ የሚገጣጥም ፕሮግራም ካላችሁ ደግሞ የተከሳሹን ስም፣ ጾታ፣ የክሱን ዝርዝር አንድ ጊዜ ይጠይቃችሁና ሁሉም ገጽ ላይ ራሱ ይሞላል። እዚህ ላይ ማሽኑ በእውነት ያሳርፋል። በወርድ በእጃችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ሂ» (he) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ሺ» (she) በሚለው በጅምላ ስትተኩ፣ ሙሉ ቃል ብቻ የሚለውን ምርጫ ካላበራችሁ፣ «ዘ» (the) በሚለው ቃል ውስጥ ያሉት «he» ፊደላትም አብረው ይለወጣሉ። ሰነዱ በሙሉ ይበላሻል።

ካልክሪም ላይ በክብ ቅንፍ ውስጥ በእዝባር (/) የተለያዩ ቃላት ካያችሁ፣ አንዱን ምረጡ ማለት ነው። ባለማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ ያለው እንደ ጉዳዩ የሚገባ ወይም የሚወጣ ነው። ሥራው ያለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ቅንፍ የሕግ ውሳኔ ነው።

ቁጥር 3406ን ጠጋ ብለን እንየው። ተከሳሹ ያመነበት ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ ድርጊቱ ወንጀል ባልሆነ ነበር ወይ ይላል። «ያመነበት» ከሚለው አጠገብ በቅንፍ «ሪዝነብሊ» የሚል ቃል ተቀምጧል፤ እምነቱ ምክንያታዊ መሆን አለበት ለማለት ነው። ስርቆት ልዩ ሐሳብ የሚጠይቅ፣ ማለትም ዕቃውን ማንሳት ብቻ ሳይሆን የመስረቅ ዓላማም ሊኖር የሚገባው ወንጀል ስለሆነ ይህ ቃል መውጣት አለበት። ሰውየው ከልቡ የራሴ ነው ብሎ ካመነ፣ እምነቱ የጅል እንኳ ቢሆን የመስረቅ ሐሳብ አልነበረውም። ቃሉ በስህተት ከቀረ ግን ጁሪው «አመነ፣ ግን እንዴት እንዲህ ይሳሳታል?» ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። በአንዲት ቃል ሰው ይታሰራል! ስለዚህ ከየመመሪያው ሥር ያለውን የዳኞች ማስታወሻ ሳታነቡ ምንም ቅንፍ አትዝጉ።

ቁጥር 355ም እንዲሁ ነው። ተከሳሹ አለመመስከሩ እንዳይቆጠርበት ለጁሪው ይነግራል። የሚሰጠው ግን መከላከያው ሲጠይቅ ነው። አንዳንድ ጠበቃ ነገሩን ጭራሽ ባያስታውሷቸው ይመርጣል። ቴምፕሌታችሁ ላይ ይህ መመሪያ ራሱ ተመርጦ እንዲመጣ አታድርጉት።

ሲያልቅ ፍለጋ ከፍታችሁ የቅንፍ ምልክቶችን፣ እዝባሩንና ባዶ ሰረዙን አንድ በአንድ ፈልጉ። ከዚያ የወርድን ማነጻጸሪያ ተጠቅማችሁ ረቂቃችሁን ከይፋዊው ጽሑፍ ጋር አስተያዩ። ሳታስቡት የነካችሁት ቃል ካለ ቀልሞ ይወጣል። ቁጥር 220 ላይ ከስምና ከቅንፍ ምርጫዎች በቀር ምንም እንዳልተለወጠ ሁለቴ እዩ። በ1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሉዊዚያና የግድያ ጉዳይ የጥርጣሬው ትርጉም ለጁሪው በስህተት ተነግሯል ብሎ የጥፋተኝነት ውሳኔውን ሽሯል። ማስረጃው የቱንም ያህል ቢጠነክር ይህ ስህተት አይታለፍም ነው ያለው።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ረዣዥም ዓረፍተ ነገር ለማሳጠር መጠቀም ይቻል ይሆናል። የፍርድ ጥቅስ ግን አታስጽፏቸው። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚህ መንገድ ያገኟቸውን በዓለም ላይ የሌሉ ፍርዶች አቅርበው የፌዴራል ዳኛ 5,000 ዶላር ቀጥቷቸዋል። የደንበኛን ምስጢርም እዚያ አትለጥፉ።

ሁለት ቅጂ አውጡ። የዳኛው እያንዳንዱ መመሪያ በየገጹ፣ ከነሕግ ጥቅሱ፣ ማን እንደጠየቀው ተጽፎበት ነው። የጁሪው ንጹሕ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዳኛው የሚያነበው በድምፅ ስለሆነ ምላስ የሚያደናቅፈውን ዓረፍተ ነገር የሚያገኘው ጆሮ ነው።

ምስክር በአማርኛ የሚናገር ከሆነ ቁጥር 121ን አትርሱ። ባዶው ቦታ ላይ የቋንቋውን ስም ትሞላላችሁ። መመሪያው አማርኛ የሚችል የጁሪ አባልም ቢኖር አስተርጓሚው ያለውን ብቻ እንዲቀበል፣ ለሌሎቹም በራሱ እንዳይተረጉም ያዛል። ትርጉሙ ተሳስቷል ብሎ ካመነ ግን ወዲያው በወረቀት ጽፎ ለችሎቱ ሠራተኛ መስጠት ይችላል።