ምርት ማበልጸግን ለመማር ስትነሱ ከማን እንደምትማሩ አጣሩ

ምርት ማበልጸግ ማለት መተግበሪያም ሆነ ዕቃ አስቦ፣ ሠርቶ ለተጠቃሚ ማድረስ ነው። ይህን ለመማር ሲነሱ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ አሰልጣኙ ማን እንደሆነ ሳያጣሩ ገንዘብ መክፈል ነው። የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ፣ ሁለት ቅዳሜ በዙም አስተምሮ የምስክር ወረቀት የሚያድለው በዝቷል። ወጣቶቹ ወረቀቱን ይዘው ሥራ ፍለጋ ወደ እኛ ሲመጡ «ያስተማራችሁ ሰው ምን ሠርቶ ያውቃል?» እላለሁ፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት። ለተጠቃሚ ያደረሱት ምርት የትኛው ነው? ዛሬ ማን ይጠቀምበታል? ተለፍቶበት ሰው ስላልፈለገው የተዉትስ? በሥራው ውስጥ ያለፈ ሰው ሦስተኛውን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ረጅም ወሬ ይጀምራል። ያላለፈው ስለ ራዕይ ይሰብካችኋል። ሲሰብክ ደግሞ ያምርበታል፤ የሚያስከፍለውም በዚሁ ነው።

በነጻ የሚገኘውን አትግዙ። ስክረም የተባለውን የቡድን አሠራር የቀረጹት ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ መመሪያውን በነጻ ለቀውታል፤ ከ15 ገጽ ስለማይበልጥ በአንድ ምሽት ያልቃል። በ2020 እ.ኤ.አ. እትሙ «ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን እንቅፋት ገጠመኝ» የሚሉት የዕለታዊው ስብሰባ ጥያቄዎች ወጥተው «የምርት ግብ» የሚል፣ ማለትም ምርቱ ወደፊት ሊደርስበት የታሰበው ቦታ፣ ገብቷል። ስልጠና የሚሸጥላችሁ ሰው ሦስቱን ጥያቄዎች እንደ ግዴታ ካስተማረ፣ የምርት ግብንም ካላነሳ፣ የሚያሳያችሁ ስላይድ ያረጀ ነው።

ፒዲኤፍ አታከማቹ። አንዱን ጨርሱ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጠቆማችሁን መጽሐፍ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት መኖሩን አረጋግጡ፤ አንዳንዱ ጭራሽ አልተጻፈም።

የስኬት ታሪክ መጨረሻውን ብቻ ከነገራችሁ አያስተምርም። በስልክ ገንዘብ መላኪያውን ኤምፔሳን የማይጠቅስ አሰልጣኝ የለም፤ ከመነሻው የሚተርከው ግን ጥቂት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ሙከራ የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርስ ይላላኩበት ጀመር። ይህን ያስተዋሉት አዘጋጆች አቅጣጫቸውን ቀየሩ፤ ሳፋሪኮም በ2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት ያስተዋወቀው ወደ ቤተሰብ ገንዘብ መላክን ነበር። በሙከራው ጊዜ ምን እንደታየ የማይነግራችሁን ትምህርት ዝለሉት።

ሚሊዮን ተጠቃሚ ላላቸው ኩባንያዎች የተጻፈ ዘዴንም እንዳለ አትቅዱ። አንድ ጀማሪ ሁለት ዓይነት ገጽ አዘጋጅቶ እያንዳንዱን ለ50 ሰው አሳየ። በአንዱ 2፣ በሌላው 4 ሰው ገዛ። «ሽያጩ እጥፍ ሆነ» ብሎ ሪፖርት ይዞልኝ መጣ! በዚህ መጠን አንዱኑ ገጽ ለሁለቱም ወገን ብታሳዩ እንኳ እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ ይመጣል። ልጁ ትጉህ ነው፤ ያነበበው ጽሑፍ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ባለመናገሩ ነው የተሸወደው። አምስት ተጠቃሚዎች አጠገብ ቁጭ ብሎ ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም ቢያይ የበለጠ ያተርፍ ነበር።

ከውጭ የመጣ ትምህርት የእኛን ሰዓት አያውቅም። የቀጠሮ መተግበሪያ የሠራ አንድ ቡድን ደንበኛው «ሰኞ 2 ሰዓት» ብሎ ያስገባውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ መዝግቦት አስተናጋጇ ጠዋት ከደንበኛው ጋር ስትጨቃጨቅ ደርሻለሁ። የልደት ቀን መሙያው ጳጉሜን ስለማይቀበል በዚያ ወር የተወለደ ሰው ሌላ ወር መርጦ ያልፋል፤ መረጃውም ከዚያ ጀምሮ ስህተት ነው። ይህን በየትኛውም የውጭ ኮርስ አታገኙትም፤ እዚሁ ምርት አውጥተው ቅሬታ ሲቀበሉ የኖሩ ሰዎችን ፈልጉና ቡና ጋብዟቸው።

የምታስቡት የሚዳሰስ ዕቃ ከሆነ፣ ወንበር ወይም የእርሻ መሣሪያ፣ የሶፍትዌር ስልጠና ላይ ጊዜ አታባክኑ። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ድረ ገጽ፣ ኦፕን ኮርስ ዌር፣ የምርት ዲዛይንና ልማት ትምህርትን ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ አስቀምጧል። የቆየ ነው፤ የደንበኛን ፍላጎት ስለ ማጣራት የሚናገረው ክፍል ግን አላረጀም፤ ከዚያ ጀምሩ።